ስፒከሩ ዝም ሲል ከየት እንጀምር?



ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሽንዲ ላይ ጎረቤት የሚጠይቀኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ብቻ አይደለም። «ሲስተር፣ ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ የሚናገረው ዕቃ ዝም አለ» የሚሉኝ እናቶችም አሉ። ዕቃው ስማርት ስፒከር ይባላል። በዋይፋይ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝና መዝሙር ያሰማል፣ የመድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል፣ ውጭ አገር ካለ ልጅ ጋርም ያነጋግራል። ዋይፋዩ ሲቋረጥ ግን ልጅ በዚያ ማዶ «እናቴ ምን ሆነች?» እያለ ይጨነቃል፤ እናት በዚህ ማዶ «ረሱኝ» ትላለች።

ነርስ በሽተኛ ሲመጣላት መጀመሪያ ትንፋሽና የልብ ምት ታያለች፤ መርፌው ኋላ ይደርሳል። ስፒከሩንም እንዲሁ በተራ እንየው።

አንደኛ፣ ሕመሙ የቤት ነው ወይስ የውጭ? የስልካችሁን ዳታ አጥፉና በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ኢንተርኔት ሞክሩ። ስልኩም እምቢ ካለ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ፓኬጅ አልቆ ሊሆን ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ *804# ብላችሁ ቀሪውን እዩ፤ ካልገባችሁ 994 ደውሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠበት ያለ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ዕቃውን መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ መብራት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስፒከሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳና መስመር አጥቶ ይቀራል። ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ። መጀመሪያ ራውተሩን ብቻ ሰኩና መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ስፒከሩን ሰኩ። ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግን ገና ከመጀመሪያው፣ ሳትሰኩት፣ በቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ልጆች ያንብቡላችሁ። «100–240» የሚል ካለው ለእኛ 220 ቮልት ይሆናል፤ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፣ ሆትስፖት። ራውተር በሌለበት ቤት መስመሩ የሚመጣው ከልጁ ስልክ ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ቡሬ ሲሄድ መስመሩም አብሮት ይሄዳል፤ ስፒከሩ ምንም አልሆነም። የሆትስፖቱ ስም ወይም የይለፍ ቃል ከተቀየረም ስፒከሩ አያውቀውም፤ አዲሱን ቃል በመተግበሪያው ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ የሚቀናው በሁለት ስልክ ነው፤ አንዱ ሆትስፖት ይሰጣል፣ በሌላው መተግበሪያው ተከፍቶ ይሠራል። በሁለተኛው ስልክ ላይ ብሉቱዝና ሎኬሽን ይከፈቱ። ሆትስፖቱም 2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ይሁን። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ አንዳንድ ዕቃም ጨርሶ አያየውም።

አራተኛ፣ ቦታ። ስፒከሩን ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ከቆርቆሮ ግድግዳ ሥር አትደብቁት። ብረት ዋይፋይን ይመልሳል። ራውተሩ ወዳለበት ክፍል አምጥታችሁ ሞክሩት፤ እዚያ ከሠራ ሕመሙ ርቀት ነበር።

የመብራቱን ቀለምም ተመልከቱ። አሌክሳ በሚባለው ስፒከር ላይ ብርቱካናማ መብራት መስመር እየፈለገ መሆኑን፣ ቀይ ደግሞ ማይክሮፎኑ መዘጋቱን ይናገራል። ለቀዩ መፍትሔው የማይክሮፎኑን ቁልፍ አንዴ መጫን ነው።

አሁን በሙያዬ ወደሚያሳስበኝ ልመለስ። ልጆች ከሩቅ ሆነው የእናታቸውን የክኒን ሰዓት በስፒከሩ ይሞላሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት አደጋ አለው። የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ስፒከሩ በእንግሊዝኛ የጠዋት «ስምንት ሰዓት» ሲል በእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው ክኒኑን ስድስት ሰዓት አዘግይቶ ይውጣል። የዕቃው ሰዓት በዋሽንግተን እንደተሞላ ከቀረም ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይቀየር።

ሁለተኛው አደጋ ዝምታው ራሱ ነው። ዋይፋይ ሲጠፋ ጥሪውን የለመደ ሰው «አልጠራኝምና ሰዓቱ አልደረሰም» ይላል። የደም ግፊት ክኒን ደግሞ ቢቀር ወዲያው አያምም፤ ግፊቱ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ስለዚህ ክኒኑ ከምታዘወትሩት ነገር ጋር ይታሰር፤ ከጠዋት ቁርስ ጋር ለምሳሌ። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉና በዋጣችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉ። የቤቱ ልጅም ማታ ማታ ወረቀቱን ይይ። አንድ ቀን ቢያልፋችሁ ለማካካስ እጥፍ አትዋጡ፤ ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ውጭ ላላችሁ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ፦ ስፒከሩ ካልመለሰ በተራ ስልክ ደውሉ። የጎረቤትም ቁጥር ያዙ። እናት ድምፃችሁን እስከሰማች ድረስ በየትኛው ዕቃ እንደመጣ ግድ የላትም።

ለሳምንቱ በሰላም ያገናኘን።