የዓባይ ልጅና ውሃ

ወጣት አንባቢ ሆይ! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተናገሩት፥ ሀብቱ በደጁ ሲያልፍ ሳይጠቀምበት ስለሚቀር ሰው ነው። የዛሬው የዓባይ ልጅ ግን ከመጠማቱም በላይ ውሃን ይፈራል። በጐንደር አራዳ ቡና ቤት ተቀምጦ በዓባይ ስም ሲፎክር የሚያመሽ ጐልማሳ፥ ከጣና ዳር 50 ክንድ ዋኝተህ ተመለስ ቢሉት ምክንያት ፈልጎ ይሸሻል። ፉከራ ሥራ አይደለም።

በዓለም ላይ ፍሪስታይል ካያክ የሚባል ውድድር አለ። ቀዛፊው በአጭር ጀልባ ውስጥ እስከ ወገቡ ተከትቶ፥ በሁለቱም ጫፍ ሰፌድ ያለው መቅዘፊያ ይዞ፥ ወንዙ ከድንጋይ ጋር ታግሎ በሚያነሣው ሞገድ ላይ ይሽከረከራል፥ ይገለባበጣል። በዓለም ሻምፒዮና የሚሰጠው ጊዜ 45 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ዳኞችም እያንዳንዱን ስልት እንደ ክብደቱ በነጥብ ይመዝኑታል። ለዚህች 45 ሴኮንድ ግን ተወዳዳሪው ዓመታት ይለፋል። የመጀመሪያ ትምህርቱም ድል ማድረግ አይደለም፤ ጀልባው ተገልብጦ ራሱ ከውሃ በታች ሲውል ሳይደነግጥ፥ በወገቡና በመቅዘፊያው ኀይል ተመልሶ መቅናት ነው። መውደቅን ያልተማረ መነሣትን ከየት ያመጣዋል?

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። ካያክን ግን ፈረንጅ አልፈጠረውም። በግሪንላንድና በአካባቢው የሚኖሩ የኢኑዊት አዳኞች ከእንስሳት ቆዳ የሠሩት የእንጀራ መፈለጊያቸው ነበር። ዓለም የአዳኙን ጀልባ አክብሮ ተማረ። እኛስ? ከደንገል ታንኳ አስረው ጣናን የሚያቋርጡትን የነገደ ወይጦን ሰዎች በንቀት ዐይን ስናይ ኖረናል። የመምህሩን እጅ የናቀ ጥበቡን እንዴት ይወርሳል?

እኛ ስንፎክር ሌላው ቀዘፈ። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዞች ጓድ በዓባይ ሸለቆ ወረደ፤ ከመካከላቸውም አንዱን ውሃ ወሰደባቸው። በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ዓባይን ቀዘፈ። በኡጋንዳም በጂንጃ አጠገብ በነጭ ዓባይ ዳር ያደጉ ልጆች የእንግዳውን ጀልባ ተምረው ለአገራቸው በዓለም ሻምፒዮና ተሰልፈዋል። ወንዙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከልብ ነው።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ይኸውም ሳያሳድጉ ፍሬ መጠበቅ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ዋና በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ወጣ። አመራረጡ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ብዙዎችም በሰውነቱ ተሳለቁ። በሰው ገላ መሳቅ ነውር ነው። ከዚያ የሚከፋው ነውር ግን የሚዋኝ ትውልድ ሳናሳድግ አንድ ሰው ልከን ክብርን መመኘታችን ነው። የሳቀው ሁሉ ዋና ይችል ነበርን?

አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ብዙ ሰው ተአምር አለው። ተአምር አልነበረም፤ በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን ሥር የለፋበት ልምምድ ነበር። ሩጫችን የተከበረው ስለተፎከረበት ሳይሆን ስለተላበበት ነው። ውሃስ ከዚህ ሕግ ለምን ይወጣል?

ስለዚህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ምክሬ ይህ ነው። በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚሞላው የፋሲል መዋኛ የሚዘለው ወጣት ድፍረት አለው፤ ትምህርት የሌለው ድፍረት ግን ገዳይ ነው። በማግሥቱ ዐባይ ገደል ውስጥ ግባ አልልህም። አስቀድመህ ዋና ተማር። ቀጥለህ ጐርጎራ ወርደህ ታንኳ ቀዛፊውን «አባቴ፥ አስተምሩኝ» በለው። ከረጋው ውሃ ወደሚሮጠው፥ ከሚሮጠውም ወደ ሞገዱ፥ የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰህ፥ ከሚያውቅ ሰው ጋር በየደረጃው እለፍ። ባንዲራው የሚከተለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዓባይ የማንንም ፉከራ ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀው የሚቀዝፈውን ክንድ ብቻ ነው።