ቅሬው ለሞት ብቻ ነው ወይ?

ከዓምደኛው፣ ገራዶ (ደሴ)

ገራዶ ውስጥ ለቅሶ የደረሰበት ቤት ጠቋሚ አያስፈልገውም። የቅሬው (በሌላው አገር ዕድር የሚባለው) ድንኳን ይተከላል፤ ምንጣፉ፣ ድስቱና ብርጭቆው ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተራ ገብቶ ያስተናግዳል። ሐዘንተኛው እስኪጽናና ድረስ ብቻውን አይተውም። በዚህ ባህል ኮርቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከዚያው ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ባልና ሚስት ደመወዛቸው የቆመ ዕለት ግን ጠያቂ የላቸውም። እነሱም አፍ አውጥተው አይናገሩም። ትዳሩንም ትምህርቱንም የሚያፈርሰው የደመወዙ መቆም ብቻ ሳይሆን ይህ ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ ዩኒቨርሲቲ የቀን ተማሪ ነው፤ ያገባ ሰው ዶርም ማደር ስላልሆነለት «ነን ካፌ» ገብቶ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። እሷ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ ቅዳሜና እሁድ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ ትማራለች። ኪራዩም፣ ከሰሉም፣ የሷ የትምህርት ክፍያም ከሷ ደመወዝ ነበር። አንድ ቀን «ትእዛዝ ቀንሷል» ተብላ ከጓደኞቿ ጋር ተሰናበተች። ለአከራይዋ አልነገረችም። ለእናቷም አልነገረችም። እንደ ድሮው ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ በማለዳ ትወጣለች፤ ቀኑን ደሴ ዘመድ ቤት ልብስ ስታጥብ ውላ፣ የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት ጠብቃ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህን ለወራት አደረገችው። ነገሩ በመጨረሻ ሲወጣና «የሥራ ስንብት ክፍያሽንስ?» ተብላ ስትጠየቅ የይርጋው ጊዜ አልፎ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሷን ታሪክ የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው፤ ሌላዋ እንዳትደግመው ብላ።

እንዲህ ያለው ስንብት በእኛ አካባቢ የአንድ ሰው ዕድል ተደርጎ መቆጠር የለበትም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የደቡብ ወሎ ወጣት፣ በተለይም ልጃገረዶቹ፣ አረብ አገር ከመሄድ የሚያተርፍ ሥራ መጣልን ብለው ነበር። ጥቅምት 20 ቀን 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ፤ ኮምቦልቻም ተከተለች። ከተሞቹ ኅዳር 27 ነጻ እስኪወጡ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ወደመ። ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች፤ ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ይላክ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት። በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በፕሮጀክት የተቀጠረው ሰው በየከተማው ቢሮ መዝጋት ጀመረ። ጤና ሚኒስቴር ብቻውን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ማዘዙ ይታወሳል። ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት ገራዶ ያለችውን የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ያስቆማል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥራ ያጣውን ጎረቤቱን «ሰንፎ ነው» ሊለው አይገባም፤ ያጣውም ሰው የሚያፍርበት ነገር የለውም።

ዝምታው የሚያስቀረው ገንዘብ ስንት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ የሥራ ስንብት ክፍያ ያዛል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በመዘጋት ወይም በቅነሳ የተሰናበተ ሰው በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። አራት ዓመት የሠራች፣ ደመወዟ 4,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ፦ 4,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ 4,000 ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት፣ 8,000 ተጨማሪው፤ በጥቅሉ 16,000 ብር። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ተቆጥሮ በገንዘብ ይከፈላታል። በቅነሳ ስትሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ካልተሰጣት የዚያም ሒሳብ አለ። ይህ ለሁለት ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር መሻገሪያ ነው።

ክፍያው ግን በራሱ እግር አይመጣም። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው ያለው። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ «ፍርድ ቤት የምከፍለው የለኝም» የሚለው ስጋት ቦታ የለውም። ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን አንድ ነገር ነው፦ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦላችሁ ሳታነብቡ አትፈርሙ። አምስት ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ በፈቃዱ ለቀቀ ከተባለ የስንብት ክፍያው ይቀርበታል።

ወደ ቤት ውስጥ ልግባ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እዚያ የሚሆነው ነው። ደመወዝ ሲቆም መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? ሥጋውና ዘይቱ አስቀድሞም አልነበረም። ባጃጁ ቀርቶ በእግር ይኬዳል። ከዚያ ባልና ሚስት ማታ ቁጭ ብለው «አንዳችን እናቋርጥ» ይላሉ። የምታቋርጠውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እሷ ናት፤ ሥራውን ያጣው እሱ ሆኖ እንኳ። «አንቺ ቤት ነሽ፣ እኔ ልጨርስና ትቀጥያለሽ» ይባላል። በፍቅር ነው የሚባለው፤ ክፋት የለበትም። ግን ከዚያ ልጅ ይወለዳል፣ ኪራይ ይጨምራል፣ የመውጫ ፈተና ይመጣል፣ እሱም ወዲያው ሥራ አያገኝም፤ የሷ ትምህርት እዚያው የተቋረጠበት ይቀራል። ለዘር የተቀመጠ እህል ለቁርስ እንደማዋል ነው። ለዚህ ዘመን ተማሪ ደግሞ ዓመት ብርቅ ነው። በኮቪድ፣ በ2014ቱ ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባለው የክልላችን ግጭት የአራት ዓመቱ ትምህርት ስድስትና ከዚያ በላይ የፈጀበት ብዙ ነው። ያን ሁሉ ታግሶ የመጣን ሰው ለጥቂት ሺህ ብር ብሎ ማስቆም ያማል።

በፍጹም የማይቻል ከሆነ እንኳ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ዊዝድሮው ሙሉ፤ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። በወግ ያቋረጠ ተማሪ ለመመለስ የሚያቀርበው ወረቀት አለው፤ ዝም ብሎ የጠፋው የለውም። እዚህም ጉዳቱን የሚያባብሰው ዝምታው ነው።

ሰው ሲያፍር ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ስልኩ ነው የሚሄደው። ቴሌብር «መላ»ና «እንደኪሴ» የሚሉ የብድር አገልግሎቶች አሉት፤ ዋስ አይጠይቁም፣ ጎረቤት አያይም፣ ገንዘቡ በደቂቃ ይገባል። ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው በወር መጨረሻ ቢጠቀምባቸው አልቃወምም። የሚጠብቀው ደመወዝ የሌለ ሰው ግን አንዱን ለመክፈል ሌላውን እያወጣ ክፍያ በክፍያ ላይ ሲቆልል አይቻለሁ። ከዚያ ይልቅ ዕቁብ የሚጥል ሰው ለዕቁቡ ዳኛ እውነቱን ቢነግር ዕጣው እንዲቀድምለት ወይም ከሌላ ዕጣ ጋር እንዲለዋወጥ መደረጉ የቆየ ልማድ ነው። አከራይም ሰው ናት። «እትዬ፣ ሥራ ቆሞብኛል፤ ሁለት ወር ይታገሡኝ» የተባለች የገራዶ ሴት በዕለቱ ዕቃ አውጥታ አትጥልም፤ ሳይነገራት ኪራይ የተቋረጠባት ግን ትቆጣለች፣ መብቷም ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችም የሚጠየቁት አለ። የተማሪ የምግብ በጀት ለዓመታት በቀን 22 ብር ቆይቶ በ2017 ወደ 100 ብር ማደጉ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነን ካፌ ለሆነ ተማሪ በስሌት በወር 3,000 ብር ይመጣል። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ትራንስፖርቱም የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ይህ ገንዘብ ሁለት ሰው እንደማያኖር ያውቃል። የአንዲት የኤክስቴንሽን ተማሪን የሴሚስተር ክፍያ በሦስት ቦታ ከፍሎ መቀበል ለተቋሙ ኪሳራ የለውም። ያገባ ተማሪ መኖሩን አውቆ የግቢ ውስጥ የሰዓት ሥራ ሲኖር ለሱ ቅድሚያ መስጠትም ከባድ አይደለም።

መንግሥትንም አልረሳሁም። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው እስኪያገኝ የሚከፍል የሥራ አጥነት መድን የለም። የግል ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ይከፍላሉ፤ ያ ገንዘብ ግን ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት ነው፣ በ25 ዓመቷ ለተሰናበተች ልጅ አይደርስላትም። ከዚሁ ተርታ ትንሽ መዋጮ ጨምሮ የሥራ አጥነት መድን መጀመር ይቻላል፤ መጀመርም አለበት። እስከዚያ ግን ገራዶ ያለው ተቋም ቅሬ ነው።

ቅሬ ለቀብር የተቋቋመ ነው፣ ገንዘቡም ለዚያ ይቀመጥ የሚሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስጋታቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን በ2013 መጨረሻና በ2014 መግቢያ ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ወገን ደሴን ሲሞላት ድስቱን አውጥቶ ያበላው ይኸው ሕዝብ ነው። ያኔ ማንም «የሞተ ሰው አለ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። እኔ የምጠይቀው ካዝና እንዲገለበጥ አይደለም። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሥራ ያጣ አባል ለስድስት ወር መዋጮው ይቆይለት የሚል አንድ አንቀጽ ይግባ። ከአባላቱ መካከል ሕግ የሚያውቅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሥራ ያጣውን አባል ይዞ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የሚሄድ አንድ ሰው ይመደብ። ከተቻለም ቅሬው ለሴሚስተር ምዝገባ ያህል ያለ ወለድ ያበድር። ኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች መግቢያው ስለሚከብዳቸው ከቅሬ ውጪ ናቸው፤ ለነሱ መግቢያውን በየወሩ እየከፈሉ የሚጨርሱበት መንገድ ይፈለግ።

የቅሬ ሰብሳቢዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንሱልን። ሥራ ያጣችሁ ባልና ሚስትም የስንብት ደብዳቤው እጃችሁ በገባ በሳምንቱ ተናገሩ፤ የይርጋው ስድስት ወር የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ነው።