ራሱን የሚከላከል ሰው ፈሪ ነውን?

ብዙ ሰዎች የሚያጠቃውን ብቻ ጀግና ይሉታል፤ የሚከላከለውን ግን እንደ ፈሪ ይቈጥሩታል። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። ትክክል አለመሆኑም ቼዝ በሚባለው የሰንጠረዥ ጨዋታ ተገልጧል።

ጋሪ ካስፓሮቭ የሚባል የሩስያ ተጫዋች፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1985 ዓመት ጀምሮ፥ የዓለም አሸናፊ የሚለውን ማዕረግ ይዞ ኖረ። አጨዋወቱ እንደ እሳት ስለ ነበረ ታላላቆቹ እንኳ ይፈሩት ነበር። በ2000 ዓመት በሎንዶን ከተማ ቭላዲሚር ክራምኒክ የሚባል የ25 ዓመት ጐልማሳ ሊገጥመው ተቀመጠ። ይህ ጐልማሳ በ1995 ካስፓሮቭ ለውድድር ሲዘጋጅ ረዳቱ ነበርና ጠባዩን ያውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ጨዋታ ነጩን ይዞ የቀደመ ካስፓሮቭ ነው። ክራምኒክም የበርሊን መከላከያ በሚባል፥ አሮጌ በሆነና በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ እምብዛም በማይጫወቱበት ስልት መለሰለት። በስምንተኛው እርምጃ የነጩ ንግሥት የጥቁሩን ንግሥት በላች፤ የጥቁሩም ንጉሥ ራሱ ተነሥቶ እርስዋን በላ። በቼዝ ሕግ ንጉሥ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ከቈየ አንድ ጊዜ ወደ ዳር ሄዶ መሸሸግ ይፈቀድለታል፤ አስቀድሞ ከተነሣ ግን ይህ መብት ይቀርበታል። ክራምኒክ ይህን እያወቀ ተወው። ንግሥቶቹ ሁለቱም ከወጡ ንጉሡን በመካከል የሚያስጨንቀው ኀይል እንደሚያንስ፥ እሳቱም እንጨት እንደሚያጣ አስተውሎ ነበርና። በ25ኛው እርምጃ ያለ መሸናነፍ ተለያዩ።

ካስፓሮቭ በሦስተኛው፥ በዘጠነኛውና በዐሥራ ሦስተኛው ጨዋታ ያንኑ በር ደግሞ አንኳኳ፤ አልተከፈተለትም። ስለዚህ ሰዎች ስልቱን የበርሊን ግንብ አሉት፤ እውነተኛው የበርሊን ግንብ ግን በ1989 ተከፍቶ ነበር።

ንግሥት የሌለበት ጨዋታ ተመልካችን አያስደስትም የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ነገር ግን ሌባ እንዳይገባበት ደጁን የሚዘጋ ሰው መንገደኛን ለማስደሰት ብሎ አይዘጋም። ደግሞም ክራምኒክ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ነጩን በያዘ ጊዜ ሁለተኛውንና ዐሥረኛውን ጨዋታ አሸነፈ። ከ15ቱ ጨዋታ ካስፓሮቭ አንድ እንኳ ሳያሸንፍ በ8 ነጥብ ተኩል ለ6 ነጥብ ተኩል ተረታ።

ካስፓሮቭ በ2005 ዓመት ከውድድር እስኪሰናበት ድረስ ማዕረጉን አላስመለሰም። ያ የተረሳው ስልት ግን በታላላቅ ተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ሆነ።