ስለ ልጆች ጨዋታ

አንዳንድ ወላጅ ልጁ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲጫወት ባየ ጊዜ ቀኑን በከንቱ ያሳለፈ ይመስለዋል። ነገር ግን በማኅበር የሚደረግ ጨዋታ ከሰው ጋር መኖርን የሚያስተምር ትምህርት ነው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር አዝመራው ተሰብስቦ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው የልደት በዓል ሲደርስ፣ ልጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ገና ይጫወታሉ። ሩሩን ብቻውን ሊነዳ የሚወድ ልጅ ወገኑን ለሽንፈት ይዳርጋል፤ ዱላውን ያለ ጥንቃቄ የሚያነሣም ባልንጀራውን ያቆስላል። በዚህም መተባበርንና ራስን መግዛትን ይማራሉ። ማታ በእሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጠያየቁም፣ መልሱ የጠፋበት ልጅ ለጠያቂው አገር ይሰጣል፤ መሸነፉንም ሳይቆጣ ያምናል።

በጨዋታ መሸነፍን ያልለመደ ልጅ፣ ጎልማሳ ሆኖ በእርሻ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር በተጣላ ጊዜ የሽማግሌ ፍርድ መቀበል ይቸግረዋል።

ስለዚህ ልጆች በጨዋታ ሲጣሉ ታላላቆች ዱላውን ነጥቀው ከመበተን ይልቅ፣ በዳዩ ክሶ፣ ተበዳዩም ይቅር ብሎ፣ ጨዋታው እንዲቀጥል ማድረግ ይገባቸዋል። በልጅነት ያልተማሩትን እርቅ በእርጅና መማር እጅግ ከባድ ነውና።