እርሾና ቂጣ

ከሌላ የጦር ሰፈር ተዛውራ የመጣች የወታደር ባለቤት ዕቃዋን ከካሚዮን አውርዳ ቡሃቃዋን እንዳጠበች መጀመሪያ የምታንኳኳው የጎረቤቷን በር ነው። የምትለምነውም አንድ ጣሳ እርሾ ነው። ጤፉ ከገበያ ይሸመታል፤ እርሾ ግን ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት ይሄዳል እንጂ በሚዛን አይሸጥም።

ውድ አንባብያን፤ ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን ከመሰለባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የማጀት እርሾ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተነገረላት ሴት እርሾውን የሸሸገችው በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ነበር። ያ መስፈሪያ 13 ሊትር ያህል ይይዝ ስለነበር ሦስቱ ወደ 40 ሊትር ይጠጋሉ። ይህ የአንድ ቤተሰብ እራት ሳይሆን ለአንድ ሻምበል ጦር የሚበቃ ዳቦ ነው! ደግሞም «ሸሸገችው» መባሉን ልብ ይሏል። እርሾ ሥራውን የሚሠራው ተሰውሮ፣ ያለ ድምፅ፣ ሌሊቱን ነው። ባሏ ግዳጅ ላይ ሳለ ልጆቿን በሥርዓት የምታሳድግ እናት ድካሟ እንዲሁ ነው።

ወታደሩ ይበልጥ የሚያውቀው ቂጣውን ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው፣ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውምና ቡሃቃቸውን በልብሳቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸከሙ። በድንገተኛ ትእዛዝ ሌሊት ተነሥቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ይገባዋል። ኦሪት በፋሲካ ሰባት ቀን ቂጣ እንዲበላ ያዘዘችው ያንን ችኮላ ለማሰብ ነው።

ነገር ግን እርሾ ሁልጊዜ የበጎ ነገር ምሳሌ አይደለም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ከፈሪሳውያን እርሾ እንዲጠበቁ ሲያስጠነቅቅ ግብዝነትን ማለቱ እንደሆነ ሉቃስ በምዕራፍ 12 ይገልጻል። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስና ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት፣ ጥቂት ክፋት ማኅበሩን ሁሉ እንደሚበክል ያስረዳው በዚሁ በእርሾ ነው።

ወሬም እንዲሁ ይቦካል። (ወንዶች በዚህ አይሳቁ፤ በክበቡም ይቦካል።) በአንድ ሰፈር ሳለሁ ያየሁት ነው። የአንዲት እኅት ባል ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ጎረቤቷ በቦኖው አጠገብ ወረፋ ይዛ ሳለ «ምን ሆኖ ይሆን?» አለች፤ ያለችውም አዝና ነበር። ማታ ላይ ነገሩ «ቆስሏል» ሆነ። በማግሥቱ ጧት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጇ ቆሙ። እርሷም ጮኸች፤ ልጆቿም አለቀሱ። ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ሰውየው ወባ ታሞ ሰንብቶ ኖሯል እንጂ ደኅና ነበር።

በእነዚያ ቀናት ቡሃቃዋን የተመለከተ ሰው አልነበረምና ሊጡ ተበላሽቶ ተደፋ። በአራተኛው ቀን ያችው ጎረቤት አንገቷን ደፍታ፣ አንድ ጣሳ እርሾ ይዛ መጣች። የቤቱ እመቤት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተቻት፤ ከዚያም ጣሳውን ተቀበለቻት።