ሊሰጥ የወደደውን አትከልክሉ

ልጆቼ ሆይ፥ በአዳማ ጎዳና ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና የኩላሊት ሕመምተኛ ፎቶግራፍ ለጥፎ ገንዘብ ሲለምን አይታችኋል። ብትሰጡ መልካም አደረጋችሁ። እኔ ዛሬ የምወቅሰው በሕመምተኛው ቤት ተቀምጦ፥ «ኩላሊቱን የሰጠ ሰው አካለ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ ልጅም አይወልድም» እያለ፥ ሊሰጥ የቆረጠውን ወንድም የሚያስፈራራውን ዘመድ ነው።

ይህ ወሬ ሐሰት ነው። ሐኪሞች ሰጪውን አስቀድመው በብርቱ ይመረምራሉ፤ ጤናው ያልተሟላውን ይመልሳሉ። የቀረውም አንዱ ኩላሊት ሥራውን አስፍቶ ሰውነትን ያገለግላል። ቀዶ ሕክምና ነውና ከአደጋ ፈጽሞ የነጻ ነው አልልም። ነገር ግን በ1954 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሬይ ባደረጉት ንቅለ ተከላ ለመንትያ ወንድሙ ኩላሊቱን የሰጠው ሰው፥ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሯል። በአገራችንም ይኸው ሕክምና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፥ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት፥ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል።

ሌሎች ደግሞ «ሳይንስ እስኪሻሻል እንጠብቅ» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ሰውነት የሌላውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ስለሚዋጋው ተቀባዩ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህም ሊቃውንት ኩላሊቱን ከመተከሉ በፊት ለማዘጋጀት ይደክማሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኩላሊትን በመሣሪያ ላይ አድርገው፥ ኤንዛይም የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥሮቹ አሳልፈው፥ የደም ዓይነቱን ምልክት ማስወገዳቸውን አስታወቁ። ይህ ግን ገና የምርምር ሥራ ነው፤ የታመመች እህት ደግሞ ምርምር እስኪበስል አትቆይም።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ያስተማርሁት ልጅ ከሞጆ መጥቶ፥ ለእህቱ ኩላሊቱን ሊሰጥ መቁረጡን ነግሮ ምክር ጠየቀኝ። እኔም ሐኪም ሳልጠይቅ «ሚስትና ልጆች አሉህ፤ እስኪ ቆይ» አልሁት። መምህሩ ነበርሁና ሰማኝ። እርሱ ቆየ፤ እህቱ ግን አልቆየችም። በለቅሶው ቤት እጄን ሲስም ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።

እንግዲህ ማንም በግድ አይስጥ፤ አልሰጥም የሚል ሰው መብቱ ነው፤ ኩላሊትም የገበያ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ወዶ ሊሰጥ የተነሣ ሰው ምክር ቢጠይቃችሁ፥ ወደ ሐኪም አድርሱት እንጂ በማታውቁት ነገር አትፍረዱ። እኔ ፈርጄ ነበር።