ከአደጋው ሥፍራ እስከ ሆስፒታል፦ የጭንቅላት ጉዳትን የሚያባብሱ ደቂቃዎች

በትራፊክ አደጋ፣ ከግንባታ ሥፍራ በመውደቅ ወይም በድብደባ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የመጀመሪያው በምቱ ቅጽበት የሚደርሰው ሲሆን የትኛውም ሕክምና ወደኋላ ሊመልሰው አይችልም። ሁለተኛው ቀጥሎ ባሉት ደቂቃዎችና ሰዓታት አንጎል ኦክስጅንና ደም ሲያጥረው የሚመጣ ነው። የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና ትኩረትም ይህንኑ ሁለተኛውን ጉዳት መከላከል ነው።

በኢትዮጵያ የአምቡላንስ አገልግሎት በየወረዳው የተስፋፋው በዋናነት ወላድ እናቶችን ለጤና ተቋም ለማድረስ ታስቦ ነበር። ዓላማው ተገቢ ቢሆንም፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ከመጓጓዣ በተጨማሪ በመንገድ ላይ ሕክምና ያስፈልገዋል። በርካታ ተጎጂዎች ደግሞ አምቡላንስ ሳይጠበቅ በቅን አሳቢዎች እጅና እግራቸው ተይዞ በታክሲ ወይም በባጃጅ ይጫናሉ። በዚህ መካከል የተጎዳ አንገት ሊጣመም፣ ራሱን የሳተ ሰው ምላስም መተንፈሻውን ሊዘጋ ይችላል።

ባለሙያው ቀዳሚ የሚያደርገው አንገትን ሳያንቀሳቅስ መተንፈሻን መክፈት ነው። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች እንዳይወርድ፣ የላይኛው የደም ግፊትም እንዳያሽቆለቁል ይከታተላል። የንቃት ደረጃን ለመለካት የሚያገለግለው በ1974 ይፋ የሆነው የግላስጎው መለኪያ ነው፤ ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ከ3 እስከ 15 ባለ ነጥብ ይመዝናል። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳትን ያመለክታል። ሆኖም ከአንድ ጊዜ ውጤት ይልቅ ለውጡ ብዙ ይናገራል። በአደጋው ሥፍራ «ደኅና ነኝ» ብሎ የተነሣ ሰው፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ከሰዓታት በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል።

የሲቲ ስካን ምርመራና የአንጎል ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች በመወሰናቸው፣ ተጎጂው ብዙ ጊዜ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው ይላካል። ነጥቡና የተለካበት ሰዓት በጽሑፍ አብረውት ካልሄዱ፣ ተቀባዩ ሐኪም ሕመምተኛው እየተሻለው ይሁን እየባሰበት ማወቅ ያዳግተዋል። የሪፈራል ሥርዓቱ ቀላል በሆነ ወጪ ሊስተካከል የሚችል ክፍተትም ይኸው ነው።

በሥፍራው የተገኘ ሰው ወደ 907 ይደውል፤ ተጎጂውን በግድ አያስቀምጥ፣ ውሃ አያጠጣው፣ ፊቱም ላይ አይርጭበት። ካስመለሰው ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ወገቡ በአንድነት እንዲዞሩ አድርጎ በጎኑ ያስተኛው።